«አትጠይቂኝ» ላለችሽ እህት ከሩቅ ሆነሽ ምን ታደርጊያለሽ?

ጥያቄው፦ «የምጽፈው ከመርሳ ነው። ታናሽ እህቴ በ2014 ዓ.ም. ሰኔ ላይ በመተማ በኩል ወጣች። ካርቱም ሰው ቤት ስትሠራ ቆይታ የሱዳን ጦርነት ሲነሣ ወደ ሊቢያ አሻገሯት። ባኒ ዋሊድ ላይ አግተው ገንዘብ ጠየቁን። ሁለቱን በሬዎች ሸጠን፣ መሬቱን አከራይተን፣ ከዘመድ ተበድረን እስክንልክ አምስት ሳምንት አለፈ። አሁን ጀርመን ጥገኝነት ጠይቃ ካምፕ ውስጥ ናት። ቀን ትተኛለች፣ ሌሊት ትደውላለች። አንድ ሌሊት ‹ብሩ ከመድረሱ በፊት የሆነውን አትጠይቂኝ› አለችኝ፤ ገባኝ። በሚቀጥለው ወር ዋናው ቃለ መጠይቅ አለባት፤ ‹ይህን ለማንም አልናገርም› ትላለች። ካልተናገረች ይመልሷታል የሚሉኝ አሉ። እንድትናገር ልጫናት? እናታችን ምንም አታውቅም፤ ለግሸን ማርያም ተስላ ‹የልጄ ድምፅ ለምን ቀዘቀዘ?› እያለች ትጠይቀኛለች። እህቴ በሰሜኑ ጦርነት ጊዜ ቆቦ አክስታችን ዘንድ መንገድ ተዘግቶባት ከከረመች ወዲህ ዝምተኛ ሆና ነበር፤ አሁን ግን ባሰባት። ከዚህ ሆኜ ምን ላድርግ?»

እህቴ፣ አብሽሪ። አጭሩ መልሴ «አትጫኛት» የሚል ነው። ካልተናገረች ጉዳይዋ ሊጎዳ ይችላል ያሉሽ ሰዎችም ግን ከእውነት አልራቁም። ስለዚህ ሳንገፋት፣ መናገር በፈለገች ቀን መንገዱ ተጠርጎ እንዲቆያት ምን ማድረግ እንደሚቻል ልንገርሽ።

ደሴ ውስጥ በአእምሮ ጤና ሙያ ከአሥር ዓመት በላይ ሠርቻለሁ። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ከወሎ ከተሞች ከራቀ በኋላም፣ ከየመንና ከሊቢያ መንገድ የተመለሱ ሴቶች ሲመጡም፣ በሩን ከፍታ «ተደፈርኩ» ብላ የገባች አንዲት ሴት አላስታውስም። «ራሴን ያመኛል»፣ «ወገቤን ይቆርጠኛል»፣ «ጨጓራዬ ነው»፣ «እንቅልፍ እምቢ አለኝ» ነው የሚሉት። ከእነርሱ አንዷ ለራስ ምታት ሦስት ጊዜ ተመላለሰች። በተቀመጠች ቁጥር የነጠላዋን ጫፍ ትቋጥራለች፣ ልትሄድ ስትነሣ ትፈታዋለች። እኔም የጠየቅኋት ስለ ራስ ምታቷና ስለ እንቅልፏ ብቻ ነበር። በሦስተኛው ቀን መስኮቱን እንድዘጋላት ለመነችኝ። ዘጋሁት። ፊቷን ወደ ግድግዳው መልሳ አንድ ዐረፍተ ነገር ተናገረች። «ሰማሁሽ፤ ጥፋቱ ያንቺ አይደለም» አልኋት። ውኃ ጠየቀችኝ፣ ጠጥታ ወጣች። የቀረውን እስክትነግረኝ ሌላ ሁለት ወር ፈጀ።

ቀኑንም፣ መስኮቱንም፣ ሰሚዋንም የመረጠችው ራሷ ናት። የደፈሯት ሰዎች የነጠቋት ይህንኑ ነበር፤ ማን እንደሚቀርባት፣ መቼ፣ የት፣ አንዱንም አላስመረጧትም። እህት ከፍቅር የተነሣ «ተናገሪ» እያለች ብትጎተጉታት እንኳ ሰውነቷ የሚሰማው ያንኑ መገደድ ነው። እህትሽ «አትጠይቂኝ» ስትልሽ ግማሹን ነግራሻለች፤ ቀሪውን መቼ እንደምትነግርሽ የምትወስነውም እርሷ ናት። ከዚህ በኋላ ላንቺ የሚበቃው ቃል «ስትፈልጊ እሰማለሁ፤ ባትነግሪኝም እዚሁ ነኝ» የሚለው ነው። አንድ ጊዜ በይው፤ በየደወለችበት አትደጋግሚው፤ ሲደጋገም እርሱም ጥያቄ ይሆንባታል።

ወደ ቃለ መጠይቁ ልምጣ። በፈረንጆቹ 1951 የተፈረመው የስደተኞች ስምምነት ከለላ የሚሰጠው በዘሩ፣ በሃይማኖቱ፣ በዜግነቱ፣ በፖለቲካ አመለካከቱ ወይም የአንድ ማኅበራዊ ቡድን አባል በመሆኑ በአገሩ ስደት ይደርስብኛል ብሎ በበቂ ምክንያት ለሚሰጋ ሰው ነው። ሊቢያ ውስጥ የደረሰባት ግፍ ምንም ያህል የከፋ ቢሆን ብቻውን ጥገኝነት አያሰጥም። መርማሪው የሚመዝነው ወደ ኢትዮጵያ ብትመለስ ምን ያገኛታል የሚለውን ነው። ይህን ሳልሸፋፍን የምነግርሽ፣ «የሊቢያውን ካወራሽ ወረቀት ይሰጡሻል» የሚሉ ሰዎች በየካምፑ ስላሉና ብዙ ሴቶች ቁስላቸውን ለማያውቁት ሰው ከፍተው ባዶ እጃቸውን ሲቀሩ ስላየሁ ነው። የሊቢያው ነገር ግን በሌላ በኩል ይጠቅማታል። በአውሮፓ ኅብረት ሕግ ማሠቃየትና መደፈር የደረሰባቸው ሰዎች ልዩ ድጋፍ ከሚያስፈልጋቸው ወገኖች ይቆጠራሉ፤ ለሕክምናው፣ ለማረፊያው፣ ለቃለ መጠይቁ አካሄድ ይህ መታወቁ ዋጋ አለው። ቀን እያምታታች፣ ነገር እየዘለለች ብትናገርም «ዋሸች» ከመባል ሊያድናት ይችላል።

አሁን በጥያቄሽ መጨረሻ እንደ ዋዛ ጣል ወዳደረግሽው ነገር ልመለስ፤ ቆቦ። ደጋግሜ አነበብኩት። እዚያ ምን እንደሆነ እኔ አላውቅም፤ አንቺም አትገምቺ። ምንም አልሆነባት ይሆናል። ነገር ግን በእርሷ ላይ ወይም በዓይኗ ፊት የደረሰ ነገር ካለ፣ የደረሰው በገዛ አገሯ ነውና በሕግ ሚዛን ከሊቢያው ይልቅ ሊከብድ ይችላል። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት በጃንዋሪ 2024 በአገራቸው በሴትነታቸው ምክንያት ጥቃት የሚያሰጋቸው ሴቶች እንደ አንድ ማኅበራዊ ቡድን ተቆጥረው የስደተኛነት ከለላ ሊያገኙ እንደሚችሉ ወስኗል። ብዙ ሴቶች ግን ይህን ስለማያውቁ ቤታቸው የሆነውን እንደ አሮጌ ነገር ይተዉትና መንገድ ላይ የሆነውን ብቻ ያወራሉ፣ ወይም ሁለቱንም ይተዋሉ። አንቺ «ቆቦ ምን ሆነሽ ነበር?» ብለሽ አትጠይቂያት። «ጠበቃሽ ከአገር ከመውጣትሽ በፊት የነበረውንም ማወቅ አለበት፤ ለእኔ ባትነግሪኝም ለእርሱ ንገሪው» በያትና ወደ ሌላ ወሬ እለፊ።

መብቷን ማወቋ ግማሽ ፍርሃቷን ያነሣላታል። መርማሪዋም አስተርጓሚዋም ሴት እንዲሆኑ መጠየቅ ትችላለች። የጀርመን የፌዴራል የስደተኞች መሥሪያ ቤት ለእንዲህ ያለ ጉዳይ ልዩ ሥልጠና የወሰዱ ውሳኔ ሰጪዎች አሉት፤ ግን ካልተነገራቸው አይመደቡም፤ ጥያቄው ቀኑ ከመድረሱ በፊት በጠበቃዋ ወይም በካምፑ ማኅበራዊ ሠራተኛ በኩል በጽሑፍ መግባት አለበት። ለዚህ ዝርዝር መናገር አያስፈልጋትም። «በወንድ ፊት የማልናገረው ነገር አለ» የምትል አንድ መስመር ትበቃለች። የምታምናትን ሰው ይዛ መግባት ትችላለች። መሐል ላይ ዕረፍት መጠየቅ ትችላለች። የተናገረችው ለአገሯ መንግሥት አይተላለፍም፤ አስተርጓሚዋም ምሥጢር የመጠበቅ ግዴታ አለባት። ደግሞ ነገሩን በአፏ ማውጣት ካቃታት በአማርኛ ጽፋ ለጠበቃዋ መስጠት ትችላለች። ሌሊት ብቻዋን ስትሆን ብዕር የሚታዘዛት ሴት ብዙ ናት፤ የጻፈችውም ከአንድ ሰው ወደ ሌላው እየዞረች ከመድገም ያድናታል።

ስለ ቋንቋው ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ጉዳይ የሚበላሸው እዚህ ነው። እኛ ይህን ነገር በስሙ አንጠራም። «ደፈሩኝ»፣ «ተጫወቱብኝ»፣ «ክብሬን ነኩት»፣ «ያሰቡትን አደረጉ» እንላለን። ሰሚው የወሎ ሰው ከሆነ በአንድ ጊዜ ይገባዋል። አስተርጓሚው ግን አማርኛን ከቤት ውጭ የለመደው ከሆነ ወይም ከቸኮለ፣ «ደፈሩኝ» የሚለውን «ናቁኝ፣ አላከበሩኝም» ብሎ ሊያልፈው ይችላል፤ በአማርኛ ሁለቱም ትርጉም አለውና። «ተጫወቱብኝ» ደግሞ ቃል በቃል ከተተረጎመ ጨዋታ ሆኖ ይጻፋል። ስለዚህ እህትሽ አንዲት ግልጽ ቃል አስቀድማ ብትመርጥና ለጠበቃዋ ብትነግር ይጠቅማታል። «አስገድደው ደፈሩኝ» በቂ ነው። በቃለ መጠይቁ መጨረሻ የተጻፈው ሁሉ በአማርኛ ይነበብላታል፤ ሳትፈርም በፊት የምታርመው ያኔ ነው። ደክሟታልና «ይሁን» ብላ ልትፈርም ትችላለች። «የሚነበብልሽን እስከ መጨረሻው ስሚ፤ ያላልሽው ካለ አስተካክሉልኝ በይ» ብለሽ ደጋግመሽ ልትነግሪያት የሚገባው ነገር ቢኖር ይህ ነው።

የዘመን አቆጣጠሩም እንዲሁ ነው። እርሷ «ጳጉሜን 3 ቀን 2013» ብትል ያ ቀን በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 8 ቀን 2021 ነው። ዓመቱ በሰባት ወይም በስምንት ይለያል፤ ጳጉሜን የሚባል ወር እነርሱ ዘንድ የለም፤ አስተርጓሚው ባፍታ ካሰላው መሳቱ አይቀርም። ሰዓቱ ደግሞ አለ። «ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ መጡ» ብትል በእነርሱ 2 ሰዓት ሊሆን ሲገባው 8 ብሎ ያስቀመጠ አስተርጓሚ ነገሩን ምሽት ላይ ያደርገዋል። ከዚያ በሌላ ቦታ በትክክል ሲሰላ «ሁለት የተለያየ ነገር ተናግራለች» ተብሎ ይጻፋል። እንዲህ ያለ ድንጋጤ የደረሰበት ሰው ደግሞ በራሱም ቢሆን ነገሩን በቅደም ተከተል አያስታውስም። የበሩ ቀለም፣ የአንድ ሰው ሽታ፣ የቁልፍ ድምፅ ቁልጭ ብሎ ይቀራል፤ ሰኞ ይሁን ሐሙስ ግን ይጠፋል። ይህ የአእምሮ ባሕርይ ነው፣ ውሸት አይደለም። ቀኑን ካላስታወሰች «አላስታውስም» ማለት ከመገመት ይሻላታል። ወይም በምታውቀው ነገር ትሰር፦ ከጥምቀት በፊት፣ ጾሙ ሲያዝ፣ ብርዱ ሲጀምር። ቀን በጠራች ቁጥር ደግሞ የኢትዮጵያ አቆጣጠር መሆኑን ትናገር።

አንቺ ከመርሳ ሆነሽ የምትሠሪው ትልቁ ሥራም እዚህ ላይ ነው። ብሩን የላካችሁበትን የባንክ ደረሰኝ ፈልጊ። የመሬቱ ኪራይ ውል ወረቀት፣ በሬዎቹ የተሸጡበት ቀን፣ አጋቾቹ የደወሉበት ቀን ስልክሽ ላይ ካለ እርሱም፤ የእርሷ የልደት ወረቀት፣ የትምህርት ማስረጃ፣ የቀበሌ መታወቂያ ቅጂ። ከቤት የወጣችበትን ቀን አንቺ ታስታውሺያለሽ፤ እርሷ ላታስታውስ ትችላለች። እነዚህን በአንድ ወረቀት ላይ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ጽፈሽ ለጠበቃዋ እንዲደርስ ለእርሷው ላኪላት። ሁለት ነገር ግን አደራ። የሐሰት ወረቀት አታሠሩ፤ አንዱ ሐሰት ሲገኝ እውነተኛው ሁሉ አብሮ ይወድቃል። ሁለተኛ፣ ማስረጃ ፍለጋ ብለሽ ቆቦ ያሉ ዘመዶችን አትጠይቂ። ምሥጢሩ የእርሷ ነው፤ ወሬ አንዴ ከወጣ ደግሞ ከቆቦ መርሳ ለመድረስ ቀን አይፈጅበትም።

ሕክምናውን በአጭሩ ላንሣ። ኤች አይ ቪን የሚከላከለው መድኃኒት የሚሠራው በ72 ሰዓት ውስጥ ከተጀመረ ነው፤ የድንገተኛ የእርግዝና መከላከያውም በ5 ቀን ውስጥ። ያ ጊዜ አልፏል። ሆኖም «ካለፈ በኋላ ምን ያደርግልኛል» ብላ እንዳትቀር። ኤች አይ ቪ፣ ሄፓታይተስ ቢ፣ ቂጥኝ ዛሬም ይመረመራሉ፣ ይታከማሉም። የማሕፀን አካባቢ ሕመም፣ የወር አበባ መዛባት፣ ሽንት አለመቆጣጠር ካለ ይታያል። በረሃውን ሊያቋርጡ ሲሉ የሦስት ወር መርፌ የሚወጉ ሴቶች አሉ፤ የሚያገኛቸውን አስቀድመው ስለሚያውቁ ነው። አንዳንዶቹ መርፌው ከበሽታም የሚጠብቅ ይመስላቸዋል፤ አይጠብቅም። የሐኪም ወረቀትም ለጉዳይዋ ይጠቅማል፤ የማሠቃየት ጉዳትን ሐኪም እንዴት መርምሮ እንደሚጽፍ የሚያሳይ የኢስታንቡል ፕሮቶኮል የሚባል ዓለም አቀፍ መመሪያ አለና ጠበቃዋን በእርሱ መሠረት ይጻፍልኝ ማለት ትችላለች።

ሌሊት ስትደውልልሽ ብዙ ጊዜ ከቅዠት ነቅታ ነው። ያን ጊዜ «ምን አየሽ?» አትበያት። ያለችበትን ቦታ አስታውሺያት። መብራቱን አብሪ በያት። እግርሽን ወለሉ ላይ አድርጊ፣ ወለሉ ይቀዘቅዛል? ከመስኮትሽ ምን ይታያል? ጠረጴዛው ላይ ምን አለ? ቀስ ብላ ስትመልስልሽ ከባኒ ዋሊድ ወደ ክፍሏ ትመለሳለች። ይህ ተራ ወሬ ይመስላል፤ እኛም በሕክምና ክፍል ውስጥ የምናደርገው ይህንኑ ነው።

ቀን ደግሞ ሌላ ልማድ ፍጠሩ። ቅዳሜ ቡና ስታፈሊ በኢሞ ደውለሽ ስልኩን ከረከቦቱ አጠገብ አቁሚላት። አንቺ ትቆያለሽ፣ ትወቅጫለሽ፣ እርሷም እዚያ ማሰሮ ላይም ቢሆን የራሷን ታፍላ። አቦል፣ ቶና፣ በረካ እስኪያልቅ ስለ ጎረቤት፣ ስለ ማሽላው፣ ስለ ግልገሉ አውሪያት። ዝም ካለችም ዝም በዪ፤ የጀበናውን ድምፅ ትስማ። ብዙ ሴቶች «ከዚያ ነገር በኋላ ሰው ሁሉ የሚያየኝ በእርሱ በኩል ብቻ ነው» ይሉኛል። አንቺ ዘንድ የበፊቷ ልጅ ሆና የምትቀመጥበት አንድ ሰዓት ይኑራት።

የማይባሉ ነገሮችም አሉ። «እርሺው» አትበያት፤ ቢቻላት በረሳችው። «ለምን ሄድሽ?» አይባልም። «የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው» የሚለውን ደግሞ ፈጽሞ አትበዪ፤ አምላክ የደፋሪዎቿ ተባባሪ ሆኖ ይታያታል። ጸሎቱን ግን አትከልክያት። ጠበል የምትጠይቅ ከሆነ ላኪላት፣ በእምነቷ ትጽና። ቅዠቷን ዛር ነው፣ ጅን ነው የሚል ዘመድ ከመጣ ግን በሩን ዝጊበት።

«ብሞት ይሻለኝ ነበር» ብላሽ የምታውቅ ከሆነ ቀጥታ ጠይቂያት፦ «ራስሽን ለማጥፋት እያሰብሽ ነው?» መጠየቅሽ ሐሳቡን አይፈጥርባትም፤ ይልቁንም ብቻዋን ከመሸከም ያወጣታል። «አዎ» ካለች ስልኩን ሳትዘጊ አጠገቧ ያለችውን የክፍል ጓደኛዋን እንድትጠራ አድርጊ። በጀርመን የድንገተኛ ጥሪ ቁጥር 112 ነው። የጓደኛዋን ስልክ ከዛሬ ጀምሮ ያዢ።

እናታችሁን በተመለከተ፣ እህትሽ ሳትፈቅድ ምንም አትንገሪ። መዋሸት የለብሽም፤ «እማዬ፣ መንገዱ አድክሟታል፤ ዋስትና ስላላገኘች ትጨነቃለች» እውነት ነው። ስለቱም ይቀጥል፤ ልጇን በምትችለው መንገድ መያዟ ነው። «ባል እንፈልግላት፣ ወረቀት ያለው ወሎዬ አለ» የሚል ዘመድ ብቅ ማለቱ አይቀርምና እርሱን ግን መመለስ ያንቺ ሥራ ነው። በዚህ ወቅት ትዳር መድኃኒቷ አይደለም።

አሁን ስላንቺ። አምስቱን ሳምንት ጽፈሽዋል። ሳትጠየቂ ቁጥሩን ማስቀመጥሽ፣ ልብሽ ውስጥ ሲቆጠር እንደከረመ ይነግረኛል። እህቴ፣ አጋቾች ሴቶችን የሚደፍሩት ገንዘብ ስለዘገየ አይደለም። ገንዘቡ በሳምንት የደረሰላቸውም ተደፍረዋል። ስልክ ከፍተው ጩኸቷን አሰምተዋችሁ ከሆነም፣ እንድትቸኩሉ ብቻ ሳይሆን ጥፋቱ የእናንተ እንዲመስላችሁም ነው። ሁለት በሬ የሸጠ የገበሬ ቤት ያለውን ሁሉ ሰጥቷል። እንቅልፍ ካጣሽ፣ ስልክ በጮኸ ቁጥር ልብሽ የሚመታ ከሆነ ደሴ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል ነይ፤ ለእህትሽ ስትዪ ሳይሆን ለራስሽ ስትዪ።

ቃለ መጠይቁ ያለበትን ቀን አስቀድመሽ እወቂ። ብዙዎቹ ከዚያ ቀን በኋላ ለአንድ ሁለት ሳምንት ይብስባቸዋል፤ የተዘጋው ሁሉ ተከፍቷልና። ውሳኔው ተቃራኒ ሆኖ ከመጣ የይግባኙ ጊዜ በቀን የሚቆጠር ነው፣ ሳምንት ወይም ሁለት ሳምንት ሊሆን ይችላልና ደብዳቤ በደረሳት ቀን ለጠበቃዋ እንድታሳይ ንገሪያት። በዚያ ምሽት ግን ስለ ውሳኔም ስለ ጠበቃም አታንሺ። ጀርመን በበጋቸው ከእኛ በ1 ሰዓት፣ በክረምታቸው በ2 ሰዓት ወደ ኋላ ነው፤ አስልተሽ፣ ካርድ ሞልተሽ ጠብቂ። ስትደውል «ምን ጠየቁሽ? ተናገርሽ?» አትበያት። «ምን በላሽ?» በያት። አልበላሁም ካለችሽ፣ ተነሥታ አንድ ነገር እስክትቀምስ ድረስ ስልኩን አትዝጊ።